በንፋስ ኃይል ግንባታ የተጎዳ የበረሃ መሬት እንዲያገግም ማድረግ፦ ከአፈር ገፈፋ እስከ ሦስተኛው የዝናብ ወቅት

ለንፋስ ኃይል ማመንጫ የሚመረጠው መሬት ንፋስ የማያጣው መሬት ነው። ያው ንፋስ ሽፋኑ የተገፈፈ አፈር ሲያገኝ ጠርጎ ይወስደዋል። በሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን፣ የ120 ሜጋዋቱ አይሻ 2 ማመንጫ ያለበት ምድር እንዲህ ነው፦ ዝናቡ ጥቂት፣ አፈሩ ስስ፣ ገጹ ጥቁር የባዛልት ጠጠር የለበሰ። እንዲህ ያለ መሬት ተገፍፎና ተረግጦ ከተተወ በአንድ ሰው ዕድሜ አያገግምም። በአሜሪካ ሞሃቪ በረሃ እ.ኤ.አ. ከ1942 እስከ 1944 በነበረው የጦር ማሰልጠኛ ታንኮች የሄዱበት ዱካ ዛሬም ይታያል።

ይህ መመሪያ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ቆላ ለሚሠሩ የሳይት ተቆጣጣሪዎች፣ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎችና የወረዳ ግብርና ሠራተኞች ነው። ዋናው ነገር ከወዲሁ ይነገር፦ ችግኝ መትከል የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። መሬቱ ማገገም አለማገገሙ የሚወሰነው ዶዘሩ የመጀመሪያዎቹን 10 ሳንቲ ሜትሮች በሚያነሳበት ቀን ነው።

ዶዘር ከመግባቱ በፊት

አንድ ጥቁር ድንጋይ ከመሬቱ አንሱና ገልብጡት። ላዩ ጠቁሮ ያብረቀርቃል፣ ታቹ ደብዝዞ አንዳንዴም ነጭ ኖራ ለብሷል። ድንጋዩ የተነሳበትን ቦታ በጣታችሁ ጫን ብትሉት ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ እንደ ደረቅ ዳቦ የሚፈረከስ ስስ ቅርፊት ታገኛላችሁ። ከሥሩ ያለው ዱቄት የመሰለ ደቃቅ አፈር ነው። ያ ድንጋይና ያ ቅርፊት የአፈሩ ክዳን ናቸው። የመኪና ጎማ ሲሄድባቸው ዱቄቱ ይወጣል፣ አቧራው የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የሚረገጠውን ስፋት ማሳነስ ነው። የመንገዱን፣ የክሬን መቆሚያውንና የዕቃ ማራገፊያውን ወሰን ቀለም በተቀቡ ካስማዎች በየ20 ሜትሩ ምልክት አድርጉ። ሲኖትራክ ለመዞር ከወሰኑ ከወጣ በአንድ ቀን የሚፈጥረውን ጉዳት ለመጠገን ዓመታት ይፈጃሉ። መዞሪያ ቦታ አስቀድማችሁ ካልሰጣችሁት ደግሞ ሾፌሩ የራሱን ይፈጥራል፤ ጥፋቱም የሾፌሩ ሳይሆን የዕቅዱ ነው።

ቀጥሎ ማነጻጸሪያ ያዙ። ከሥራው ቦታ አጠገብ ማሽን የማይደርስባቸው ሦስት ቦታዎች ምረጡ፣ በየአንዳንዱ 50 ሜትር ሜትሮ ዘርጉና በየ50 ሳንቲ ሜትሩ ከነጥቡ ሥር ያለውን መዝግቡ፦ ቋሚ ሣር፣ ቁጥቋጦ፣ ድንጋይ፣ ባዶ አፈር። ነጥቦቹ 100 ስለሆኑ ቁጥሩ በቀጥታ በመቶኛ ይነበባል። ይህን ያላደረገ ሰው ከሦስት ዓመት በኋላ «መሬቱ አገግሟል» ወይም «አላገገመም» ለማለት መሠረት አይኖረውም።

በዚያው ቀን የውሃ ስርገትን ለኩ። 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ሁለቱም አፉ የተከፈተ ጣሳ 5 ሳንቲ ሜትር ወደ መሬት ምቱና 440 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምሩበት፤ ይህ 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት ነው። ውሃው እስኪሰርግ የፈጀውን ደቂቃ ጻፉ። ልኬቱ ግንባታው ሲያልቅ ያስፈልጋችኋል።

ዘር መልቀምም ከግንባታው ጎን ለጎን መጀመር አለበት። ግንባታው ካለቀ በኋላ ዘር የሚፈልግ ሰው ቢያንስ አንድ የዝናብ ወቅት ያልፈዋል።

አፈሩን መግፈፍና ማቆየት

አፈሩ በሁለት ዙር ይነሳል። የመጀመሪያው ዙር ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። በአፈር ውስጥ የተኛው ዘር አብዛኛው በላይኛው 5 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ይገኛል፤ የሥር ፈንገሱና ሌላው ረቂቅ ሕይወትም በዚያው ላይ ይበዛል። 40 ሳንቲ ሜትር አንድ ላይ ጠርጎ የሚከምር ኦፕሬተር ያንን ዘር ከአራት እጅ በላይ ባዶ አፈር ጋር ያደባልቀዋል። ሁለተኛው ዙር ቀጣዩን 15 ሳንቲ ሜትር ያነሳል፣ ክምሩም ለብቻው ይሆናል። ትልልቅ ድንጋዮች ሦስተኛ ክምር ይሁኑ።

ስሌቱን በ30 በ50 ሜትር የክሬን መቆሚያ እንየው። 1,500 ካሬ ሜትር በ8 ሳንቲ ሜትር ሲባዛ 120 ሜትር ኩብ ነው። ሲነሳ ስለሚያብጥ 150 ገደማ ይሆናል። ክምሩ 1 ሜትር ከፍታና 4 ሜትር የግርጌ ስፋት ቢኖረው በአንድ ሜትር ርዝመት 2 ሜትር ኩብ ይይዛል፣ ስለዚህ 75 ሜትር ርዝመት ያስፈልገዋል። በመቆሚያው ረጅም ጎንና በአጭሩ ጎን ዙሪያ ይበቃል። ሩቅ አታመላልሱት፤ አፈር በተነሳና በተጣለ ቁጥር ይደቃል።

የላይኛው አፈር ክምር ከ1 ሜትር፣ ቢበዛ ከ1.5 ሜትር አይብለጥ። ከፍ ያለ ክምር ውስጡ አየር ያጣል፣ ዘሩም ይሞታል። የሁለተኛው ዙር ክምር 2 ሜትር ሊደርስ ይችላል። አፈሩን ደረቅ ሳለ ግፈፉት፤ እርጥብ አፈር በባልዲው ግፊት ይጨፈለቃል። ክምሩን ከጎርፍ መውረጃ አርቁ፣ ንፋሱ በሚመጣበት ጎን የደረቀ ቅርንጫፍ ደርድሩበት፣ «የላይኛው አፈር፣ አይነካ» የሚል ሰሌዳ ትከሉ። ሰሌዳው ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን የላይኛው አፈር ብዙ ጊዜ የሚጠፋው መንገድ መሙያ የጎደለበት አንድ ሎደር ስለሚያነሳው ነው። ከተቻለ በ6 ወር፣ ቢዘገይ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ቦታው መልሱት። በየወሩ የዘሩ አቅም እየቀነሰ ይሄዳል።

ማጽዳትና የተጠቀጠቀውን መሬት መፍታት

ክሬኑ ከሄደ በኋላ መጀመሪያ የማይፈለገው ሁሉ ይውጣ፦ ገረጋንቲ፣ ጂኦቴክስታይል (ከገረጋንቲ ሥር የሚነጠፍ ጨርቅ)፣ የኬብል ቁራጭ፣ የሲሚንቶ ከረጢት። ሚክሰር የታጠበበትን ቦታ ለይታችሁ የደረቀውን ኮንክሪት ከሥሩ ካለው ነጭ አፈር ጋር ቆርጣችሁ አውጡት። የኖራነት ጠባዩ ለዓመታት ምንም አያበቅልም። ዘይት ወይም ናፍጣ የፈሰሰበት አፈርም ተቆፍሮ ወደ ተፈቀደ ቦታ ይሂድ፤ ገልብጦ መቅበር መፍትሔ አይደለም።

ሪፐር (የተጠቀጠቀ መሬት የሚሰነጥቅ፣ ከዶዘር ኋላ የሚገጠም የብረት ጥርስ) ከመውረዱ በፊት ሁለት ነገሮችን በካርታ ላይ ብቻ ሳይሆን በመሬቱም ላይ ምልክት አድርጉ። አንደኛው የመሬት ውስጥ ኬብል ነው። ጥልቀቱ ብዙ ጊዜ አንድ ሜትር አካባቢ ነው፣ ግን መሬቱ ድንጋያማ በሆነበት ከዚያ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ከኬብሉ መስመር በግራም በቀኝም 3 ሜትር ሪፐር አይግባ። ሁለተኛው የተርባይኑ መሠረት ነው። በመሠረቱ ላይ ተመልሶ የተሞላው አፈር ዝም ብሎ ሙሌት አይደለም፦ ክብደቱ ተርባይኑ እንዳይገለበጥ ከሚይዙት ነገሮች አንዱ ሆኖ በዲዛይኑ ተሰልቷል። በመሠረቱ ክብ ላይ ሪፐር አይሂድ፣ ግማሽ ጨረቃ (የዝናብ ውሃ መያዣ የግማሽ ክብ ጉድጓድ) አይቆፈር፣ ዛፍ አይተከል። እዚያ የሚሆነው ስስ የላይኛ አፈርና ሣር ብቻ ነው። ውሃ በመሠረቱ ዙሪያ እንዳይተኛም ተዳፋቱን ወደ ውጭ ጠብቁ።

አሁን ለሪፐር። የክሬን መቆሚያ ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት መፈታት አለበት። በጥርሶቹ መካከል ያለው ርቀት ከጥልቀቱ ብዙ መብለጥ የለበትም፣ 50 ሳንቲ ሜትር ጥሩ ነው፤ ሰፋ ካለ በመካከሉ ያልተነካ ግድግዳ ይቀራል። አንዴ በኮንቱሩ (ከፍታው እኩል በሆነው አግድም መስመር) ከሄዳችሁ በኋላ በሰያፍ ድገሙት፣ የመጨረሻው ሂደት ግን ሁልጊዜ በኮንቱሩ ይሁን። ቁልቁል የተሰነጠቀ መሬት ለጎርፍ የተከፈተ ቦይ ነው። ሥራው መሬቱ ደረቅ ሲሆን ይሠራ። ደረቅ አፈር ይሰነጠቃል፤ እርጥብ አፈር ግን ጥርሱ ባለፈበት እንደ ሸክላ ተለስኖ ይቀራል፣ ሥርም አያልፈውም።

ሥራው መሳካቱን በ12 ሚሊ ሜትር ፌሮ ፈትሹ። አንድ ሰው በሁለት እጁ ሲጫነው ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር መግባት አለበት። በ10 ሜትር ርቀት 20 ነጥብ ሞክሩ፣ ያልገባባቸው ነጥቦች ከአምስት ከበለጡ ሪፐሩ ይመለስ። የጣሳውንም ልኬት ድገሙት።

የክሬን መቆሚያውን ሙሉ በሙሉ መፍታት ይገባል ወይ የሚል ክርክር አለ። ኦፕሬተሮች ለወደፊት የብሌድ (የተርባይን ክንፍ) ቅየራ ጠንካራ ሆኖ እንዲቆይ ይፈልጋሉ። የእኛ አቋም፦ ለጥገና መኪና የሚበቃውን ያህል ጠንካራውን ተዉት፣ ቀሪውን ሙሉ በሙሉ ፍቱት። ከብዙ ዓመት በኋላ አንዴ ለሚመጣ ክሬን ገረጋንቲ እንደገና ማንጠፍ ይቻላል። ጊዜያዊ የነበሩ የዕቃ ማከማቻና የካምፕ ቦታዎች ላይ ግን ክርክር የለም፣ ሁሉም ይፈታ።

አፈሩን መመለስ

መጀመሪያ የሁለተኛው ዙር አፈር፣ ከዚያ የላይኛው፣ ከዚያ ድንጋዩ ይመለሳል። የላይኛውን አፈር በተነሳበት ልክ አልብሱት። ሁሉንም በአንድ ቦታ 30 ሳንቲ ሜትር ማድረግ ዘሩን መቅበር ነው። ካነሰ ግን መሬቱን ሁሉ በስሱ ከመቀባት፣ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሰፋፊ ደሴቶች አድርጋችሁ በየቦታው አስቀምጡት፤ ዘሩ ከዚያ ይስፋፋል።

እዚህ ላይ አንድ ልማድ መሰበር አለበት። ግሬደር ኦፕሬተር ሥራውን ሲጨርስ መሬቱን እንደ ጠረጴዛ ማለስለስ ይወዳል፣ ተረካቢውም ለስላሳ ሲያይ ይፈርማል። በበረሃ ለስላሳ መሬት የከሸፈ ሥራ ነው። ውሃ አይቆምበትም፣ ዘር አይያዝበትም፣ ንፋስ የሚያቆመው የለም። ገጹ ሸካራ ይሁን፦ ከ10 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጉድባና ጉብታ ያለው። በርክክብ ሰነዱ ላይ ይህን ቃል በቃል ጻፉት።

ድንጋዩን አንድ ረድፍ ብቻ፣ ከመሬቱ ግማሽ ያህሉን እንዲሸፍን በትኑ። ጥቁር ፊቱ ወደ ላይ ቢሆን ይመረጣል፤ አዲስ የተገለበጠ ነጣ ያለ ድንጋይ ጠባሳውን ከሩቅ ያሳየዋል። ከግንባታው የተረፈ የደረቀ ቅርንጫፍ ካለ ደግሞ ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ከመሬት በላይ እንዲቆም አድርጋችሁ አቁሙት። የቆመ ቅርንጫፍ በንፋስ የሚንከባለለውን ዘር ይይዛል፣ ለበቀለውም ጥላ ይሆነዋል። ለዚህ ብላችሁ ሕያው ግራር አትቁረጡ። የተፈታው መሬት፣ የተመለሰው አፈርና ድንጋዩ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይጠናቀቁ። ሳይሸፈን የቆየ የላይኛ አፈር በንፋስ ይሄዳል።

ውሃውን ማቆም

ተዳፋቱ ከ5 በመቶ በታች ከሆነ ግማሽ ጨረቃ ከሁሉም የተሻለ ነው። 4 ሜትር ዲያሜትር፣ ጫፎቹ በኮንቱር ላይ፣ አፉ ወደ ላይኛው ተዳፋት። ክቡ እንደ ተረከዝ ቅርጽ ወደታች፣ ክትሩ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ኖሮት በደንብ የተረገጠ። ረድፎቹ ይዛነቁ፦ የታችኛው ከላይኞቹ ሁለት መካከል ይቀመጥ። በአንድ ሄክታር 313 ያህል ይገባል። እያንዳንዱ 26 ካሬ ሜትር ያህል መሬት ውሃውን ያወርድለታል። 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ጥሎ ግማሹ ቢወርድ 250 ሊትር ገደማ ነው፤ በቦቴ ሊመላለስ የማይችል ውሃ!

ኮንቱሩን በዓይን አትገምቱ። ኤ-ፍሬም (በ«A» ቅርጽ የተገጣጠመ የእንጨት ደረጃ መለኪያ) ይበቃል። የአንድ ጫፍ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት ውሃውን ሁሉ በዚያ በኩል ያወጣዋል፣ ክትሩ ይቀደዳል፣ የእሱ ውሃ የታችኛውን ያፈርሳል። ከላይ ሰፊ ተዳፋት ካለ መጀመሪያ የጎርፍ መቀልበሻ ሥሩ፤ ግማሽ ጨረቃ የዝናብ ውሃ ይይዛል እንጂ ጎርፍ አይመልስም። የተቆረጠ ሸለቆ ላይ ደግሞ የድንጋይ ክትር ያስፈልጋል፤ መሐሉ ከጠርዙ ዝቅ ያለ ይሁን፣ አለበለዚያ ውሃው በጎን ዞሮ ያልፈዋል።

ዘርና ችግኝ

በሲቲ የዝናቡ ወቅቶች ሁለት ናቸው፦ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ዲራዕና ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለው ካራን። በአፋር ሱጉምና ከርማ ይባላሉ። ሣር የሚዘራው ካራን ከመግባቱ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ቀድሞ ነው። ከዚያ ቀድሞ የተዘራውን ጉንዳን ተሸክሞ ይጨርሰዋል።

ሣሩ በአካባቢው ያለው ይሁን። ባፍል ሳር በዚያ ቆላ የሚገኝ ጠንካራ ቋሚ ሣር ነው፤ ግን ዘሩ ከተለቀመ በኋላ ቢያንስ 6 ወር ደረቅ ቦታ ካልቆየ በደንብ አይበቅልም። ከመዝራታችሁ በፊት 100 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ ለሁለት ሳምንት እዩ። 40 ከበቀለና ለአንድ ሄክታር 4 ኪሎ ሕያው ዘር ካስፈለጋችሁ፣ የምትዘሩት 10 ኪሎ ነው። ዘሩ ጸጉራም ስለሆነ ንፋስ ይወስደዋል፣ ከእርጥብ አሸዋ ጋር አደባልቃችሁ ዝሩት። ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ አትቅበሩት።

ጃንጥላ የሚመስለው ግራር፣ አካሲያ ቶርቲሊስ፣ የመሬቱ ዋና ዛፍ ነው። ዘሩን ውሃ ውስጥ ጨምሩትና የተንሳፈፈውን ጣሉት፤ በነቀዝ የተበላ ነው። ለቀረው ውሃ አፍልታችሁ ከእሳት አውርዱ፣ አምስት ደቂቃ አብርዱ፣ ከዚያ አፍስሱበትና ይደር። በማግስቱ ያበጠውን ዝሩ፣ ያላበጠውን ድገሙት። በችግኝ ጣቢያ ከ6 እስከ 9 ወር ይቆያል። ረዘም ያለ ቲዩብ ተጠቀሙ፣ 25 ሳንቲ ሜትር ቢሆን መልካም ነው፤ አጭር ቲዩብ ውስጥ የተጠቀለለ ዋና ሥር መሬት ከገባ በኋላም እንደተጠቀለለ ይቀራል። በመጨረሻዎቹ 5 ሳምንታት ውሃውን ቀስ በቀስ ቀንሱ፣ ጥላውንም አንሱ። በጥላና በውሃ ተቀማጥሎ ያደገ ችግኝ በበረሃው የመጀመሪያ ሳምንት ይጠወልጋል።

ጉድጓዱ 40 በ40 በ40 ሳንቲ ሜትር፣ ቦታው በግማሽ ጨረቃው ውስጥ ከክትሩ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ውሃ በማይተኛበት። በተተከለበት ቀን 10 ሊትር፣ ከዚያ በመጀመሪያው ደረቅ ወቅት በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ ከ5 እስከ 10 ሊትር። ጥቂት ጥቂቱን በየቀኑ ማርከፍከፍ ሥሩን ወደ ላይ ይስበዋል፣ ቦቴው ባቆመ ቀንም ችግኙ ያበቃለታል። ቦቴ ሩቅ ከሆነ ከችግኙ 20 ሳንቲ ሜትር ርቆ 5 ሊትር የሚይዝ ገንቦ እስከ አንገቱ ቅበሩ፣ ሞልታችሁ ክደኑት። ገንቦው አዲስና ያልተሟሸ መሆን አለበት፤ የተሟሸው ውሃ አያሰርግም።

ፕሮሶፒስ

አፋሮች ወያኔ ሀራ የሚሉት መጤ እሾሃማ ዛፍ፣ ፕሮሶፒስ፣ የተገፈፈ መሬት ሲያገኝ ከሁሉም ይቀድማል። ሁለት በሮቹን ዝጉ። የመጀመሪያው ማሽን ነው፦ ከአዋሽ ሸለቆ የሚመጣ ዶዘርና ገልባጭ ሳይት ከመግባቱ በፊት ሰንሰለቱና ጎማው ይታጠብ። ሁለተኛው ፍግ ነው። ለማዳበሪያ ተብሎ ከበረት የሚመጣ ፍግ፣ ከብቶቹ ወይም ፍየሎቹ የፕሮሶፒስ ፍሬ በልተው ከሆነ፣ ለመብቀል የተዘጋጀ ዘር ተሸክሟል። እንዲህ ያለ ፍግ አታምጡ። ለዚህ መሬት ማዳበሪያ ግድ አይደለም፤ ናይትሮጅን ሲበዛ የሚጠቀመው አረሙ ነው። ቅንጬ አረምም እንዲሁ።

የበቀለውን በመጀመሪያው ዝናብ ማግስት፣ ገና ጣት ሳያክል፣ በእጅ ንቀሉት። ካደገ ከአፈር በታች ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ወርዳችሁ ቁረጡ። ከመሬት በላይ የተቆረጠ ፕሮሶፒስ ከአንድ ግንድ ብዙ ቀንበጥ ያወጣል።

ከንክኪ ነፃ ማድረግ

መሬቱ ሰው አልባ አይደለም። አርብቶ አደሩ በዲራዕና በካራን ግመሉንና ፍየሉን የሚያሳልፍበት ነው። አጥር ቀድሞ ንግግር ኋላ ከመጣ፣ አጥሩ አይቆይም። ከጎሳ ሽማግሌዎች ጋር በቦታው ላይ ተቀምጣችሁ ሦስት ነገር ተስማሙ፦ የትኛው ክፍል ለስንት ወቅት እንደሚዘጋ፣ እንስሳቱ ውሃ የሚወርዱበት መተላለፊያ የት እንደሆነ፣ የበቀለውን ሣር ማን አጭዶ እንደሚወስድ። ሁሉንም በአንዴ አትዝጉ። ሦስት የዝናብ ወቅት አንዱን ክፍል መዝጋትና ከዚያ ወደ ሌላው መዞር ይሻላል። ጥበቃው ደሞዝ ያለው የአካባቢው ሰው ይሁን፤ ሣር አጭዶ የመውሰድ መብት ያለው ሰው ከሽቦ ይሻላል።

ጊዜያዊ መንገዶችን በተመለከተ፣ ሙሉ ርዝመታቸውን ለመሥራት ገንዘብ ካጠረ መጀመሪያ ከዋናው መንገድ የሚታዩትን 50 ሜትሮች ሥሩ። ሪፐር፣ ድንጋይ፣ የቆመ ቅርንጫፍ። ሾፌር የማያየውን መንገድ አይገባበትም፣ ቀሪው ዱካም ዕረፍት ያገኛል።

ክትትል

ከየካራኑ በኋላ፣ ጥቅምት ላይ፣ በማነጻጸሪያው መስመርና በታደሰው መሬት ላይ 100 ነጥቡን ቁጠሩ፣ ከተመሳሳይ ካስማ በተመሳሳይ ሰዓት ፎቶ አንሱ። ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ በሁለት ቀን ውስጥ ክትሮቹን ዙሩ፣ የተቀደደውን በዶማ ጠግኑ። በአንደኛው ዓመት ከችግኙ ግማሹ ከሞተ ከመተካታችሁ በፊት ምክንያቱን ፈልጉ፦ አንዱን የሞተ ችግኝ ነቅላችሁ ሥሩን እዩ። ሥሩ በ20 ሳንቲ ሜትር ላይ ወደ ጎን ከታጠፈ ሪፐሩ በቂ አልነበረም። ቀጥ ብሎ ወርዶ ከደረቀ ውሃው አነሰ። ግንዱ ከታች ተቀርጥፎ ከሆነ አጥሩ ነው። በሦስተኛው ካራን ማብቂያ የቋሚ ዕፅዋቱ ሽፋን ከማነጻጸሪያው ግማሽ በታች ከሆነ ደግሞ ወደ ጣሳውና ወደ ፌሮው ተመለሱ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ዘር ላይ ሳይሆን ተጠቅጥቆ በቀረ መሬት ላይ ይገኛል።

የእያንዳንዱን መቆሚያ የኬብል መስመር፣ የመሠረቱን ክብ፣ የተፈታውን ክፍልና የላይኛው አፈር ተከምሮበት የነበረውን ጎን በጂፒኤስ መዝግባችሁ ለማመንጫው የጥገና ክፍል አስረክቡ። ብሌድ ሊቀየር ክሬን ሲመለስ የመጀመሪያዎቹ 8 ሳንቲ ሜትሮች እንደገና ለብቻቸው ተገፍፈው በዚያው ጎን ይከመሩ፣ ክሬኑ በወጣ ሳምንትም ይመለሱ።